በዕድሩ ድንኳን የረታሁት ክርክር

መሸነፍ አልወድም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል፤ የዚያ ክረምት ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጠባዬ ነውና። እናቴ "ይቺ ልጅ ሰው ብታጣ ከጥላዋ ጋር ትጣላለች" ትል ነበር። እኔም "አልጣላም" ብዬ ከእሷ ጋር እከራከራለሁ።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የሚኒስትሪ ፈተና ያለፍኩበት ክረምት ነው። ከየካ ዳገት፣ ከእንጦጦ ሥር ካለው ሰፈራችን ያን ዓመት ፈተናውን ያለፍን ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። የሁለተኛዋ ውጤት የመጣው ከተዳረች በኋላ ነው። ያልተዳርኩት እኔ ግን ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ ብዬ ነበር፤ ዘጠነኛ ደግሞ ያለው ከተማ ውስጥ፣ ከሾላ ገበያ አልፎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነው። አባቴ "ሂጂ" አላለኝም፤ "አትሄጂም"ም አላለኝም። ያለው "ይታሰብበታል" ነው።

አባቴ ይታሰብበታል ካለ በእውነት ያስባል። ችግሩ ራት ላይ ጮክ ብሎ ማሰቡ ነው። "መንገዱ ሩቅ ነው" ይላል አንድ ጎርሶ። "ጠዋት ጨለማ ነው፣ ጅብ አለ" ይላል ሁለተኛውን ጎርሶ። "እናቷንስ ማን ያግዛታል? ደግሞስ የተማረች ሴት ልጅ ሰው ንቃ ትቀራለች ይባላል።" እኔ ጎመኔን እየበላሁ እሰማለሁ። መስከረም እየቀረበ ነው፣ ምዝገባው እየደረሰ ነው፣ እሱ ገና ያስባል። እንቅልፍ አጥቼ ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ልጨምር። ገብስ የሚያርስ፣ ባሕር ዛፍ ቆርጦ የሚሸጥ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር። ክርክር መስማት ግን እንደሱ የሚወድ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ሥራ በፈታ ቁጥር ወረዳ ፍርድ ቤት ይወርድና የማያውቀውን ሰው ጉዳይ ቆሞ ሲሰማ ይውላል። ማታ ለእናቴ አንዴ ከሳሽ፣ አንዴ ተከሳሽ እየሆነ ይተርክላታል። እናቴ ብዙ ጊዜ ለተከሳሹ ታዝናለች፤ ከዚያ እሱ ይናደዳል፤ "ማስረጃውን ሰማሽ እኮ" ይላታል።

በሰፈራችን አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ አንድ ጎረምሳ ነበረ፤ ክራቫት ያስራል። ከብት ሲያግድም ያስራል የሚሉት ምቀኞቹ ናቸው፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ወፍጮ ቤት ሲሄድ ነው። ይህ ባለ ክራቫት ከትምህርት ቤቱ ዲቤት የሚሉት የክርክር ጨዋታ ተምሮ መጣ። "እኛ የተማርን ወጣቶች ክረምቱን በከንቱ ማሳለፍ የለብንም፤ ሕዝቡን ማወያየት አለብን" አለን። "እኛ" ማለቱ ራሱን፣ እኔንና ዘጠነኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ከብት እያደፈረሰው ስለምንጠጣው ምንጭ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ሴቶች ትምህርት በየእሑዱ ልናወያይ ተስማማን። የሴቶች ትምህርት ይቅደም ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ መጥቶ ይሰማል፣ ልቡም ይቆርጣል ብዬ ነበር ያሰብኩት። እንዴት ያለሁ ብልጥ ነበርኩ!

ዝናቡ ስለማይታመን ባለ ክራቫቱ የዕድሩን ድንኳን ለመነ። የዕድራችን ዳኛ በወጣትነታቸው የፍርድ ቤት ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሃያ ዓመት በር ላይ ቆመው ስለሰሙ፣ ሕጉን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይሉታል። "ለመልካም ነገር ከሆነ ውሰዱ፤ ብቻ እንዳትቀዱት" ብለው ሰጡን። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ባለ ክራቫቱ ግን ለኛ ሳይነግር የዕድሩን ጥሩንባ ነፊም ለመነ። ጥሩንባ ነፊው ቅዳሜ ማታ ጉብታው ላይ ወጥቶ ጥሩንባውን ነፋና "ነገ ከቅዳሴ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ ውይይት ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ" ብሎ ለፈፈ። ጥሩንባ ከተሰማ በኋላ የቀረውን ማን ያዳምጣል? ሰፈሩ የሰማው "ነገ" እና "ድንኳን" የሚለውን ብቻ ነው።

እሑድ ረፋድ ድንኳኑን ተክለን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ደርድረን ስንጠብቅ፣ ከላይ ከዳገቱ የለቅሶ ድምፅ መጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ይወርዳሉ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ከኋላ ይመጣሉ። ከታች በኩል ሁለት ሴቶች በገበቴ ንፍሮ ተሸክመው ደረሱ። ሁሉም ሰው ሌላውን ሰው "ማን ነው የሞተው?" ይላል፤ ማንም አያውቅም፤ እያለቀሰ ግን ይገባል። ባለ ክራቫቱ አግዳሚ ላይ ወጥቶ "ማንም አልሞተም፣ ማንም አልሞተም" እያለ ለመነ። አንዲት ጎረቤታችን እንባዋን ጠርጋ አየችውና "እንግዲህ ከጀመርኩት ላይቀር" ብላ ለባሏ ሙት ዓመት አለቀሰች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ከድንኳኑ ምሰሶ ጀርባ ገባሁ። ነገሩን ያዳኑት የዕድሩ ዳኛ ናቸው። "መጥታችኋል፣ ንፍሮውም መጥቷል፤ ተቀመጡ፣ ልጆቹ የሚሉትን እንስማ" አሉና ራሳቸው ከፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያ ወንበር የተዘጋጀው ለባለ ክራቫቱ ነበር።

የዕለቱ ጥያቄ "ሴት ልጅ ከስምንተኛ ክፍል በላይ መማር ይገባታል ወይስ አይገባትም?" የሚል ነው። ባለ ክራቫቱ "ይገባታል" እና "አይገባትም" የሚሉ ሁለት ብጣሽ ወረቀቶች ባርኔጣው ውስጥ ከቶ ለእኔና ለዓይን አፋሩ አዞረልን። እጄን ሰድጄ አወጣሁ። "አይገባትም" ይላል።

"አልቀበልም" አልኩት በሹክሹክታ። "ቀይርልን።"

"ዲቤት እንዲህ ነው። የማያምኑበትን ሲከራከሩ ነው ችሎታ የሚታየው" አለኝ ክራቫቱን እያጠበቀ።

አባቴን ፈለግሁት። ከመካከለኛው ረድፍ፣ ከንፍሮው አጠገብ ተቀምጧል። ለይስሙላ ሁለት ቃል ብዬ እቀመጣለሁ ብዬ ወሰንኩ። የምር ወስኜ ነበር። ግን መጀመሪያ የተነሣው ዓይን አፋሩ ነው፤ "ይገባታል" ብሎ አስቀድሞ ከቤቱ ጽፎት የመጣውን ወረቀት አወጣ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ወረቀቱም ከእጁ ወደቀ። ሰው ሳቀ። የሰው ሳቅ ስሰማ አንድ ነገር ያዘኝ። ተነሣሁ።

ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ ይፈስስልኝ ጀመር። መንገዱ ሩቅ ነው አልኩ። ጠዋት ጨለማ፣ ማታ ጨለማ፣ መሐሉ ጅብ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጅቷ በየትኛው ማዶ ታድራለች? እናቷ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም እሷ የሩቅ አገር ተራራ ከፍታ ትሸመድዳለች፤ እንጦጦን ወጥታ ሳትጨርስ። ተምራ ስትመለስስ ከእናቷ ጋር አንድ መደብ ላይ ትቀመጣለች? እዚህ ላይ አንዲት የተማረች ሴት መደብ ላይ ከመቀመጧ በፊት በመሐረብ ስትጠርግ ሠርቼ አሳየሁ። ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ከኋላ አንዲት ሴት የኔን ንግግር ለእናቷ ወደ ኦሮምኛ ትመልስላት ነበር፤ እኔ አንድ ቃል ስናገር እሷ አምስት ትናገራለች፤ በዚያ ጥግ ያለው ሰው ከኛ በላይ ይስቃል። ምን ጨምራበት እንደነበር እግዜር ይወቀው። በመጨረሻ እልል ተባለልኝ። ከሐዘን ነጠላ ሥር እልልታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለ ክራቫቱ ነጥብ ሊቆጥር ወረቀቱን ሲያወጣ ዳኛው እጃቸውን አነሡ። "እኔ በተቀመጥኩበት ፍርድ እንጂ ነጥብ አይሰጥም" አሉ። "ልጁ ተረትቷል። ልጅቷ ረትታለች። ሴት ልጅ ከስምንተኛ በላይ መማር አይገባትም።"

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጅ ነሣ። "ፍርዱን ተቀብያለሁ" አለ። ያኔ ነው ደሜ ቀጥ ያለው።

ቤት ስንደርስ ዕጣ ወጥቶብኝ ነው ብዬ አስረዳሁት። ባርኔጣውን፣ ብጣሽ ወረቀቱን፣ ዲቤት የሚባለውን ነገር ሁሉ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። "በዳኛ ፊት፣ በሕዝብ መሐል፣ በገዛ አፍሽ ተናገርሽ" አለ። "ሰው በዕጣ ቃሉን ይለውጣል? እኔም ሳስብ ከርሜ ነበር፤ አንቺው ገላገልሽኝ።" እናቴ ደግሞ ወደ ጓዳ ጠርታኝ "አፍሽን ምን ነካው?" አለችኝ። ምን ልበላት? መሸነፍ አልወድም ልበላት? ያን ሌሊት ጋቢዬን ነክሼ አለቀስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ፣ ሰዎች "እንዴት ያለ ክርክር ነበር" ሲሉኝ ታየኝ።

በማግስቱ ዳኛው ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ገመድ ሲገምዱ አገኘኋቸው።

"ይግባኝ ልል ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

"ማን ፈርዶብሽ?"

"እርስዎ።"

"እኔ ላንቺ ፈረድኩ እንጂ ባንቺ ላይ ፈረድኩ እንዴ?"

"የፈረዱት ለኔ ነው፤ የተጎዳሁትም እኔ ነኝ።"

ገመዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና በሐዘኔታ አዩኝ። "ልጄ፣ ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። የተረታ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ የረታ ሲፎክር አይቻለሁ። የረታ ይግባኝ ሲል ግን አላየሁም። ይግባኝ የተረታ ሰው መብት ነው። እሱ ይምጣ።"

የተረታው ሰው የት አለ? ዓይን አፋሩ ከዚያ እሑድ በኋላ ሰው ሸሽቶ፣ የአባቱን ከብቶች ይዞ እንጦጦ ላይ መዋል ጀምሯል። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዝናብ፣ በባሕር ዛፉ መሐል እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። ካፖርቱን ተከናንቦ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ሊሮጥ ዳዳው።

"ሰው ፊት ሁለተኛ አልቆምም" አለኝ ገና ሳልናገር።

"ቆመህ 'ይግባኝ' ብቻ በል። የቀረውን ለኔ ተወው፤ ጠበቃህ እሆናለሁ።"

"ያዋረድሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው ደህና ጠበቃ የምሆንልህ።"

ጭቃውን በዱላው ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ "እኔ የጻፍኩት እውነቴን ነበር። እህቴ እንድትማር እፈልጋለሁ" አለ። እህቱ ገና ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። ሰው እውነቱን ይዞ ሲንቀጠቀጥ እኔ በማላምንበት ነገር እልል አስብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ዳኛው ድንኳኑን ከለከሉን፤ ጥሩንባ ነፊውንም "ትንፋሽህን እንዳልሰማ" አሉት። የተሰበሰብነው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ነው። ጥሩንባ ባይነፋም ሰዉ ከመጀመሪያው በለጠ፤ የረታ ሰው የራሱን ፍርድ ሊያስሽር ነው ሲባል ማን ይቀራል? ዓይን አፋሩ ተነሣ፤ "ይግባኝ" አለና ወዲያው ተቀመጠ። እኔ ጠበቃው መሆኔን ተናገርኩ። ዳኛው ጢማቸውን ዳሰሱ።

"መልስ ሰጪስ የት አለ?" አሉ። "ባለፈው የረታችው ልጅ ዛሬ የይግባኝ ባይ ጠበቃ ሆናለች። ተከራካሪ ከሌለ ፍርድ የለም።"

ባለ ክራቫቱ እጁን ሊያወጣ ሲል ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አባቴ ነው። "መልስ ሰጪው እኔ ነኝ" አለ። "ባለፈው እሷ የተናገረችው እኔ ራት ላይ የተናገርኩትን ነው፤ አንድም አልጎደለም። ባለጉዳዩ እኔ ነኝ።"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ጋቢውን እንደ ችሎት ሰው በትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ዱላውን ይዞ ወደ መሐል ገባ። ስንት ዓመት የሰው ሙግት ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የራሱን ሊሟገት ቆመ። ደስ ብሎት ነበር፤ ከዓይኑ አየሁት።

"ተጠየቂ" አለኝ።

"ልጠየቅ" አልኩ።

"መንገዱ ሩቅ አይደለም?"

"ሾላ ገበያ ቅጠል ተሸክሜ ስሄድ ሩቅ ነው ያለኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ መንገድ ነው፤ ሸክምም የለውም።"

ሰው ሳቀ። "ጅቡስ?" አለ።

"በጨለማ ለእንጨት ስወጣ ጅቡ ያውቀኛል አባባ። ደብተር ስይዝ ነው የሚጠላኝ?"

ባሰ ሳቁ። ያቺ አስተርጓሚ ሴት እንኳ ለእናቷ መመለሱን ትታ ሆዷን ይዛለች። "እናትሽን ማን ያግዛታል?" አለ አባቴ፤ እናቴ ከነጠላዋ ሥር "እኔ አልተጠየቅሁም" አለች። በሕዝብ መሐል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ሳቁ አልቆም አለ። ጥያቄዎቹ አለቁበት፤ ሁሉንም ቀድሜ አውቃቸው ነበር፣ ስንት ራት በልቼባቸዋለሁ። አባቴ ደስታው ጠፍቶ ፊቱ መቅላት ጀመረ። ዱላውን ካንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጨረሻውን አመጣ።

"እኔ አልተማርኩም" አለ። "ሳልማር ምን ጎደለኝ?"

ሳቁ ቆመ። ከወይራው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ምን እንደጎደለው ያውቃል። እኔ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከምንጩ አጠገብ አንድ መስክ ነበረን። አንድ ቀን ከከተማ የመጣ ሰው የምስክርነት ወረቀት ነው ብሎ አባቴን አውራ ጣቱን ቀለም አስነክሮ አስፈረመው። ወረቀቱ መስኩን የሚያስረክብ ነበር። አባቴ ፍርድ ቤት ተመላልሶ ተረታ። ከዚያ ወዲህ በሱ ፊት ያን መስክ ያነሣ ሰው የለም።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል፤ ዘጠነኛ ክፍልም የኔ ይሆናል። ዓይን አፋሩ ከኋላዬ "ተናገሪ እንጂ" አለኝ። አባቴን አየሁት። ዱላውን ጨብጦ፣ ምን እንደምል እያወቀ፣ ቆሞ ይጠብቀኛል። አልቻልኩም። መሸነፍ የማልወደው እኔ፣ አልቻልኩም።

"መልስ የለኝም" አልኩ።

ጉርምርምታ ሆነ። ዳኛው "እንግዲያው..." ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አባቴ ዱላውን አነሣ። "መልስ አላት፤ ለኔ አዝና ነው" አለ። "ያስቀረችውን እኔ ልናገር። መስኬ ጎድሎኛል። ማንበብ ባለመቻሌ በገዛ ጣቴ ፈርሜ ሰጠሁት።"

ከወይራው ሥር ያለ ሰው መሬት መሬት ያያል። ዳኛው ብቻ፣ ሕግ ሕግ ነውና፣ ቀስ ብለው "ወረቀት ለማንበብ እኮ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል" አሉ።

"ይበቃል" አለ አባቴ። "ያን ወረቀት የጻፈብኝ ሰው ግን አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ነው።"

ዳኛው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተነሥተው የመጀመሪያው ፍርድ ተሽሯል አሉ፤ እልል ያለ ግን አልነበረም። ዓይን አፋሩ መርታቱን ያወቀው ሰው እጁን ሲጨብጠው ነው። ባለ ክራቫቱ የሚቀጥለው ውይይት ስለ መጸዳጃ ቤት መሆኑን አስታወቀ፤ የሰማው የለም።

ወደ ቤት ስንወጣ እናቴ ቀድማን ሄደች። አባቴ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላው፣ በጭቃው ላይ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን ነው። ተቆጥቶኝ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ልጠይቀውም ፈራሁ። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ቆመና ትንፋሹን ሰበሰበ። ወደኔ አልዞረም።

"ያን ዕለት በድንኳኑ" አለ፣ "የኔን ነገር ስትናገሪልኝ... እንደዚያ አድርጎ የሚናገርልኝ ጠበቃ በጊዜው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ መስኩ ዛሬ የኛ ነበር።"

ቀጥሎም "ምዝገባው መቼ ነው ያልሽኝ?" አለና መንገዱን ቀጠለ። ቀኑን ነገርኩትና ተከተልኩት።